ቲቸር፣ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ለማታ አስቀምጡት፤ ግን አንብቡት። በተለይ እዚህ ጅቡቲ ያላችሁ፣ ከሥራ አምሽታችሁ በእግራችሁ የምትገቡ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ልጅ በሬን አንኳኳ። እዚሁ ሆዳን፣ ከእኔ ሦስት በር አለፍ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ነገሩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል። ሥራው ጭነት ማራገፍ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይወጣና ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ ጨለማውን ብቻውን ያቋርጣል። በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። መጀመሪያ ስልኩን ወሰዱት። በሁለተኛው አዲሱን ስልክም የሳምንት ደመወዙንም ወሰዱና ክንዱን በጩቤ ጫር አድርገውት ሄዱ።

ሻይ ቀዳሁለት። አልጠጣውም። የተዋሰውን ስልክ አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በሰው መዳፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ።

«ቲቸር፣ ይቺ እንዴት ናት? አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው። ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ ማንም አያያትም።»

ማን እንደሚሸጣት፣ የት፣ በስንት፣ አልጽፍም። ያን ማታ መልስም አልሰጠሁትም። «ትንሽ ቀን ስጠኝ፤ እስከዚያ እንዳትገዛ» አልኩት። ይሄው መልሱ። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ተመሳሳይ ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ለእኔ ላላሳያችሁኝም ጭምር ነው።

እኔን የጠየቀበት ምክንያት ትክክል ነው። አውቃለሁ። ለአራት ወር ያህል ሽጉጥ በኪሴ ይዤ አስተምሬያለሁ። ይህን እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ ጽፌው አላውቅም።

የመጣሁት ከጎንደር አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ብረት የቤት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። አያቴ ግድግዳው ላይ ጠመንጃ ሰቅሎ ነው ያረጀው። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ከጠመኔ የከበደ ነገር በኪሴ ይዤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2016 እገታ የሚለው ቃል የዕለት ወሬያችን ሆነ። ነጋዴ ይታገታል፣ ሾፌር ይታገታል፣ ሐኪም ይታገታል። አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ከቤቱ ተወሰደ። ሠራተኛው አዋጣን፣ ቤተሰቡ በሬዎቹን ሸጠ፣ ሰውየው ተመለሰ። ሲመለስ ግን የዱሮው ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ በር ሲንኳኳ ጠመኔው ከእጁ ይወድቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ 26 ቀን ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከነአውቶቡሳቸው ታገቱ። ነሐሴ ላይ በጎንደር ከተማ አንዲት ሕፃን ታግታ ተገድላ ሕዝቡ አልቅሶ አደባባይ ወጣ። እኔ ግን እስከዚያም አልጠበቅኩም። ግንቦት ላይ ወስኜ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሽጉጥ ልገዛ ነው አልኩ።

ፈቃድ አልነበረኝም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል አውቃለሁ። ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ በዚያ ሰሞን በሩ ዝግ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ብዙ ሰው የሚገባበት በር ይህ ስለሆነ ነው፤ ሕጉ ሥራ ሲያቆም ሁሉም የራሱ ሕግ ይሆናል።

መምህር ነኝና የመረጥኩት እንደ መምህር ነው። ደብተር አወጣሁ፤ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ርዝመት፣ ውፍረት፣ ክብደት፣ ስንት ጥይት ይጎርሳል፣ ጥይቱ ይገኛል ወይ፣ ዋጋው። ያየኋቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ጠያቂዬም የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

አንደኛው የአሜሪካው ኮልት ነው፤ የ1911 የሚባለው። ባዶውን ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 7 ጥይት ይጎርሳል። በኮት ሥር በወገብ ይታጠቁታል እንጂ የኪስ ዕቃ አይደለም። አለፍኩት።

ሁለተኛው የአንድ ሽማግሌ የጣሊያን ቤሬታ ነበር፤ የ1934 ሞዴል። ያምራል፣ አጭር ነው፣ 7 ጥይት ይይዛል። ችግሩ ጥይቱ ነው። 9 አጭር የሚባለውን ይፈልጋል። የማካሮቭም 9 ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ያው 9 አይደል?» ይላል። አይደለም። የማካሮቩ ጥይት ወፈር፣ ቀለሁም ረዘም ይላል፤ አንዱ ለሌላው አልተሠራም። ጥይቱን የማታገኝለት ሽጉጥ ብረት ብቻ ነው።

ሦስተኛው በጣም ትንሹ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተው ዓይነት፤ 6.35 ሚሊ ሜትር ጥይት ያለው። ርዝመቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ክብደቱ ከ400 ግራም በታች። የሰደርያ ኪስ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ነው። ልቤ የወደደው እሱን ነበር። ነገር ግን ጥይቱ ደካማ ነው፣ ፈልገህም አታገኘውም፣ መያዣውም ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚበቃው።

አራተኛው እኛ አገር ኢኮልፒ የሚባለው የቱርክ ሥሪት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ልጁ ያሳየኝ ፎቶም እሱኑ ይመስላል። ኤኮል በሚል ስም ቱርክ ውስጥ የሚመረተው ሽጉጥ በመሠረቱ የድምፅ ሽጉጥ ነው። ባዶ ጥይት አስጩሆ እንዲያስደነግጥ፣ ወይም ጋዝ እንዲረጭ ነው የተሠራው። አፈሙዙም አካሉም የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችል ታስቦ አልተሠራም። ከዚያ የሆነ ሰው በሆነ ጓዳ ውስጥ ይነካካውና እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ያደርገዋል። ውጪውን ብታየው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ይረክሳል። የመጀመሪያውን ጥይት ይተኩስ ይሆናል። ሁለተኛው ላይ ሊነክስ ይችላል። ሦስተኛው ላይ የያዘው እጅ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ጣቶቹን የሚያጣው ዘራፊው ሳይሆን አንተ ነህ።

አምስተኛው ማካሮቭ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የተቀበለችው፣ በደርግ ዘመን ወደ እኛም የገባው። 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ባዶውን 730 ግራም፣ 8 ጥይት። ለኪስ ወፈር ይላል፤ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር። ግን ጥይቱ ይገኛል፣ አይነክስም፣ የመጀመሪያው ምላጭ ሲሳብ ከበድ ስለሚል እንደ ዋዛ አይተኩስም፣ ሴፍቲውም ጠንካራ ነው። በሠንጠረዤ አሸነፈ።

«ይቺ ታንሳለች፣ ትቀላለች፤ አይሻልም?» ለሚል የፊዚክስ መልስ አለኝ። አሜሪካኖች የኪስ ሽጉጥ ነገር ዋና መከራከሪያቸው ነው። ሩገር የሚባለው ፋብሪካቸው በ2008 እ.ኤ.አ. 270 ግራም እንኳ የማይሞላ ኤል ሲ ፒ የሚባል ሽጉጥ አወጣ። በ2018 ደግሞ ሲግ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ 10 ጥይት የሚይዝ ፒ 365 አመጣ። እነሱም የደረሱበት እውነት አንድ ነው፤ ለመያዝ የቀለለ ለመተኮስ ይከብዳል። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት የሚሄድበትን ያህል ግፊት ሽጉጡ ወደ ኋላ ይቀበላል። ጥይቱ ያው ሆኖ የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ቢቀንስ፣ ወደ እጅህ የሚመጣበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ይራገጣል። መያዣው ሁለት ጣት ብቻ ሲሆን፣ ማነጣጠሪያውም ሲያጥር፣ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲጨመርበት፣ ጥይቱ የሚሄደው ወደ ዘራፊው አይደለም። ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ሆዳን ውስጥ ከቆርቆሮው ጀርባ ማን እንደሚተኛ ታውቃላችሁ።

እና ማካሮቩን ገዛሁ። የስምንት ወር ደመወዜ ነበር። ያለንን ከብት ሸጬ፣ ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ።

አጎቴ የዱሮ ወታደር ነው። ስነግረው አልተቆጣም። «አምጣው» አለ። ጥይቶቹን በሙሉ አወጣ፣ አፈሙዙን ፈተሸ፣ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ እንዳደርገው ነገረኝና ሰባት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመ። ከዘራውን ያዘ።

«እኔ ሌባ ነኝ፤ ከዘራዬ ጩቤ ነው። ስነሣ አውጣና ደግን» አለኝ።

ተነሣ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ሽጉጡ ከኪሴ ጨርቅ ጋር ተያይዞ ገና ሳይወጣ የከዘራው ጫፍ ሆዴን ነካኝ። «እንደገና» አለ። እንደገና። በአምስተኛው አወጣሁት፤ ሴፍቲውን ግን ረሳሁት። በስምንተኛው ሴፍቲውንም አወረድኩ፤ ከዘራው ግን ደረቴ ላይ ነበር።

ኋላ ሳነብ አሜሪካ ውስጥ ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር ለክቶ ጽፎት አገኘሁ። ጩቤ የያዘ ሰው 6 ሜትር ተኩል ያህሉን በአንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። እሱ የለካው ሽጉጡን በወገቡ ማኅደር ለታጠቀና ለሠለጠነ ፖሊስ ነው። የአጎቴ ከዘራም ያለ ሰዓት ያው ቁጥር ላይ ደርሶ ነበር።

«ልጄ፣» አለኝ አጎቴ ሽጉጡን ሲመልስልኝ፣ «ሽጉጥ ያለህ ሰው ሆነህ ነገሩ ሲጀመር ካላየኸው፣ ሽጉጥ የሌለህ ሰው ነህ።»

አልሰማሁትም። ገንዘቡ ወጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አሁን ስለ ኪስ ልንገራችሁ። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። ሽጉጥ ያለበት ኪስ ሌላ ምንም ሊኖርበት አይችልም፤ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ምላጩ ጋ ከገባ አበቃ። ምላጩን የሚሸፍን የቆዳ ማኅደር ያስፈልጋል። ማኅደሩ ሲጨመር ወፍሮ ከሩቅ ይታወቃል። በሱሪ ኪስ ከሆነ ስትቀመጥ አታወጣውም፤ በጃኬት ከሆነ ደግሞ ጃኬቱን ማውለቅ አትችልም። እኔ በግንቦት ሙቀት ጃኬት የሚለብስ መምህር ሆንኩ። ላብ ብረቱን ያዝገዋል። የጠመኔ ብናኝ ደግሞ ውስጡ ይገባል። በየሦስት ቀኑ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ጠመኔ ከሽጉጥ ላይ እጠርግ ነበር። ያንን ሥራ ስሠራ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ እግሬን አቅፋ «አባዬ፣ ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስልክ ነው አልኳት። በሌላ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ ላነሣ ጎንበስ ስል፣ ፊት ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ዓይኑ ጃኬቴ ላይ ቀረ። ቀና ስል ወዲያው ወደ ደብተሩ አጎነበሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ክፍል ጥያቄ መጠየቅ አቆመ። የሚረብሹት ልጆች ዝም አሉ። አንድ ባልደረባዬ «ምን አድርገሃቸው ነው እንዲህ የሚፈሩህ?» ብሎ ሳቀ። መልስ አልነበረኝም። ኒውተንን ላስተምር ገብቼ ፍርሃትን ነበር የማስተምረው።

ቋንቋችን ቀድሞ ነግሮን ነበር። ሽጉጥ የሚለው ቃል ከመሸጎጥ የመጣ ነው፤ የተደበቀ፣ የተወተፈ ማለት ነው። አባቶቻችን ስሙን ሲያወጡለት ዋናው ነገሩ መተኮሱ ሳይሆን መሸጎጡ መሆኑን አይተዋል። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ አጥር ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። የተሸጎጠ ነገር ግን አጥር አይሆንም። ካልታወቀ ማንንም አያስፈራም፤ ከታወቀ ደግሞ ይፈለጋል።

የእኔ ተፈለገ።

መስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በር ተንኳኳ። ሽጉጡ የት ነበር? ቁም ሣጥን ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ባዶውን። ጥይቶቹ ሌላ ቦታ፣ ካዝናውም ሌላ ቦታ። ልጅ ያለበት ቤት ነዋ። ለልጄ እንዳይደርስ ካራቅኩት ለእኔም ይርቃል፤ ለእኔ እንዲቀርብ ካቀረብኩት ለልጄም ይቀርባል። ሠንጠረዤ ውስጥ ይህ ዓምድ አልነበረም።

አራት ሰዎች ገቡ። ሦስቱ ክላሽ ይዘዋል። እነማን እንደሆኑ ዛሬም አልጽፍም። ይታገታል ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ያሰብኩትም እሱን ነው። አንደኛው ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ እንዲህ አለ፦

«መምህር፣ ሽጉጡን።»

ለእኔ አልነበረም የመጡት። ከእገታ ያድነኛል ብዬ ለገዛሁት ዕቃ ነው የመጡት። እጄ ወደ ቁም ሣጥኑ ሲሄድ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ልሰጣቸው እንጂ ልተኩስ እንዳልሆነ ማወቅ ፈልጋ ይሆናል። ልጃችን ጥጉ ላይ ተኝታ ነበር። ሽጉጡን፣ ካዝናውን፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ሰውየው «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ሌላኛው ወገን ጠራኝ። «መሣሪያ ለማን አቀበልክ?» አለኝ። ተዘርፌ ነው አልኩ። «ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ እንዴት ይዘረፋል? እኛ ጋ ለምን አላመለከትክም?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ ደወሌ፣ ከዚያ ይህ ሙቀት። ባለቤቴና ልጄ አልመጡም። እኔ እዚህ የሆንኩት በእገታ አይደለም፤ እገታን ፈርቼ በገዛሁት 730 ግራም ብረት ነው። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው።

ሽጉጥ ያዳነው ሰው የለም አልልም። ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኩሶ ያመለጠ ነጋዴ አውቃለሁ። እሱ ግን በራሱ ግቢ፣ በራሱ አጥር ውስጥ፣ ውሻው ጮኾለት፣ ክላሹ ተደግኖ ነው። በጨለማ መንገድ በኪስ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ወንድሜ። ያመጣሃትን ሽጉጥ በራሴ ሠንጠረዥ፣ ግን በሆዳን ሚዛን ልመዝንልህ።

ልብስ። እዚህ ሰው የሚውለው በስስ ሸሚዝና በሽርጥ ነው። በዚህ ሙቀት ጃኬት የለበሰ ሰው ወይ ታሟል ወይ የሆነ ነገር ደብቋል። ስስ ሱሪ ኪስ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ብረት ሲወዛወዝ ሕፃን ያየዋል። ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር ደግሞ ብረቱን በሳምንት ይበላዋል።

ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ የዘረፉህ እንዴት ነው? ራስህ እንደነገርከኝ ከኋላ አንቀው። ሁለት ሰው ሆነው። የመጀመሪያው እጅህን ያዘ። እስቲ ንገረኝ፤ በዚያ ሰዓት ሽጉጧን በየትኛው እጅህ ታወጣታለህ? የሚያወጧት እነሱ ናቸው። ኪስህን ሊፈትሹ አይደል የመጡት? ያን ማታ ክንድህን ጫር አድርገው ሄዱ። በሚቀጥለው በራስህ ሽጉጥ ሊሆን ነው።

ወረቀት። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። እኛ ስደተኞች ነን። ጅቡቲ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ነፃነቷን ባገኘችበት በ1977 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራሷን የስደተኞች ሕግ አውጥታ የመሥራትና የመማር መብት ሰጥታናለች። ያ ስምምነት መብት ብቻ አይደለም። አንቀጽ 2 የአገሩን ሕግ የማክበር ግዴታ ይጥልብናል። አንቀጽ 32 ስደተኛ በብሔራዊ ደኅንነትና በሕዝብ ጸጥታ ምክንያት ሊባረር እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 33 ወደ ሸሸንበት እንዳንመለስ የሚጠብቀን ትልቁ ጋሻችን ነው፤ እሱ ራሱ በሁለተኛው ንዑስ አንቀጹ ለአገሩ ደኅንነት አደጋ ነው ለሚባል ሰው፣ ወይም በከባድ ወንጀል ለተፈረደበት፣ ጋሻውን ያነሣል። አንድ የፍተሻ ምሽት፣ አንድ የኪስ ሽጉጥ፤ የስደተኛ መታወቂያህ ዋጋው ያኔ ይለያል። ዘራፊው ስልክህን ይወስዳል። ሽጉጧ አገር ትወስድብሃለች፤ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

ነገሩ አንተ ላይ ብቻ አይቆምም። በማግሥቱ ወሬው «አንድ ልጅ ተያዘ» አይሆንም። «ሐበሾቹ መሣሪያ ይዘዋል» ነው የሚሆነው። ቤት የምታከራየን እናት ትሰማለች። የቀን ሥራ የሚሰጠን ሰው ይሰማል። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው እህታችን ናት የምትፈተሸው።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልዘረፍ?» ልትለኝ እንደምትችል አውቃለሁ። አይደለም። ፍርሃትህ እውነት ነው፤ ክንድህ ላይ ያለው ጠባሳም እውነት ነው። «በርታ» ብዬ ብቻ አላሰናብትህም። እስከ ዛሬ የሞከርናቸውን ልንገርህ። ደመወዝ የምትቀበልበትን ቀን ማንም አይወቅ፤ ገንዘቡን በዚያው ምሽት ይዘህ አትምጣ፣ ቀን ተመልሰህ ውሰድ። ጥሩውን ስልክ ቤት አስቀምጠህ ርካሹን ያዝ። በአቋራጩ አትግባ፤ ሱቁ መብራት ያለበትን ዙር ሂድ፣ አሥር ደቂቃ ይበልጣል። ቢይዙህ ስጣቸው፤ ስልክ ይተካል። ከሁሉም በላይ ብቻህን አትሂድ። ከዚህ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚገቡ ልጆችን ቆጠርኩ። ስድስት ናችሁ። ስድስታችሁም ብቻ ብቻችሁን ነው የምትገቡት፤ ከስድስታችሁ አራታችሁ ተዘርፋችኋል። ስድስት ሰው አብሮ ሲራመድ አይሸጎጥም፤ ከሩቅ ይታያል። አጥር ማለት እሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለልጁ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ያ ማካሮቭ አሁን የት ነው?» አለኝ።

ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነው። ያ ሽጉጥ አላረጀም፤ ጥሩ ሽጉጥ ነው፣ መርጬ ነው የገዛሁት። አይነክስም። ስምንት ጥይት ቆጥሬ ነው የሰጠሁት። ዛሬ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነው። አንድ ሌላ መምህር በር ተንኳክቶበት ሲከፍት ግንባሩ ላይ የሚያየው የእኔን ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣውን ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከስምንት ወር ደመወዝ ይልቅ ያ ነው ያልከፈልኩት ዕዳ።

ልጁ ፎቶውን ከስልኩ ሲያጠፋ አላየሁም። አጥፋ አላልኩትም። ሲወጣ ግን «ነገ 5 ሰዓት ላይ ሱቁ ጋ ማን ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እቆማለሁ አልኩት። የማታ ተማሪዎቼን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምጨርሰው፤ ይመቸኛል።

ትናንት ቆምኩ። አራት መጡ። የጎደሉት ሁለቱ ይህን ካነበባችሁ፣ ዛሬ እንጠብቃችኋለን።

ለሚመለከተው አድርሱልኝ። በተለይ ልጆቻቸው በስደት ያሉ እናቶችና አባቶች፣ ደውላችሁ ጠይቁ፤ «በላህ ወይ?» ከምትሉት ቀጥላችሁ «ማታ ከማን ጋር ነው የምትገባው?» በሉ።

ከሆዳን፣ ጅቡቲ